የረቡዕ ደም

ጋሼ መኩሪያ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ ጎረቤታቸው ቅድስት ናት። «ትናንት ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ በዚያው ቀሩ» አለችኝ። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት «ስንት ሰዓት ላይ?» አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን፤ መሃል ላይ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠ እንጂ። ሌላ ሰው ቢሰማን ኖሮ በሰው ሞት የሚስቁ ጉዶች ብሎ ያማትብብን ነበር። ጋሼ መኩሪያን የሚያውቅ ሰው ግን ጥያቄው የማን እንደሆነ አይጠፋውም።

መጀመሪያ ሥራችንን ላስረዳ። እኔ የምሠራው ሜልበርን ውስጥ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ላቦራቶሪ ነው። የምንለካው በሰው ደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ ልቡን የሚያመውን፣ አንዳንዴም በስህተት ወይም በንዴት አንድ ብልቃጥ ኪኒን የዋጠውን። ወደ እኛ የሚላኩት መድኃኒቶች ጠባያቸው ክፉ ነው። ትንሽ ካነሱ አይሠሩም፣ ትንሽ ከበዙ ይመርዛሉ። ሐኪሙ መሃሉን የሚይዘው በእኛ ቁጥር ነው። ደሙን የሚቀዱት ደግሞ ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል የሚሠሩት ጋሼ መኩሪያ ነበሩ። እኛን «ሰማይ ቤቶች» ይሉናል። «እኛ ከምድር እንልካለን፣ እናንተ ትፈርዳላችሁ።»

የተዋወቅነው በጽሑፍ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት፣ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከአንድ ብልቃጥ ደም ጋር የመጣ ቅጽ አነበብኩ። ቅጹ ላይ «በሽተኛው መድኃኒቱን መጨረሻ የወሰደው መቼ ነው?» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ጎበዙ ሰዓቱን ይሞላና ያልፋል፤ ሰነፉ ባዶዋን ይተዋታል። ይኼኛው ግን ከሳጥኗ ወጥቶ ጠርዝ ጠርዙን እንዲህ ጽፏል፦ «እሱ ማታ ሦስት ሰዓት ነው ይላል። ሚስቱ አራት ሰዓት ነው ትላለች። እኔ ሚስቱን አምኛለሁ።» ለአለቃዬ ለሊንዳ ባሳያት ቀና ሳትል «የማክ ነው። ማክ ካመነ አንቺም እመኚ» አለችኝ። ማክ የሚባለውን ፈረንጅ ላየው ምሳ ሰዓት ላይ ወረድኩ። ያገኘሁት ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ቀጭን የአገሬን ሰው ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ ገና ሰላም ሳልላቸው። የአባቴን ስም፣ ሰፈሬን፣ ሜድስቶን የሚባለው ሰፈር መግባቴን፣ የባሌን ሥራ ሁሉ ለቀሙኝ። ሲጨርሱ «በይ ቁርስ ስንት ሰዓት በላሽ?» አሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ስላቸው «ታዲያ አሁን ርቦሻል፣ ወሬው ይቆይ» ብለው ካላቸው ላይ ግማሹን ሰጡኝ። ሲጠይቁ እንደዚህ ነበሩ፤ ፖሊስ የሚመስሉት መጨረሻው እስኪታወቅ ድረስ ነው።

ደም ከተቀዳ በኋላ እንዳይረጋ ብልቃጡ ቀስ ተብሎ ስምንት ጊዜ መገልበጥ አለበት። ሌላው ሰው በልቡ ይቆጥራል፤ ጋሼ መኩሪያ ግን ድምፃቸውን አውጥተው በግዕዝ፦ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ... በሽተኞቹ ጸሎት ይመስላቸዋል። እሳቸው ሰመንቱ ላይ ሲደርሱ አንዲት ግሪካዊት አሮጊት አማትበው «አሜን» ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። «ለምን ቁጥር ነው አላሏቸውም?» ብላቸው «ምን ጎደለባቸው? ለመርፌ መጥተው ቡራኬ ይዘው ሄዱ» አሉኝ።

ዋናው አባባላቸው ግን «ሰዓት የሌለው ቁጥር ሐሜት ነው» የሚለው ነበር። እውነታቸውን ነው። ያው ሰው፣ ያንኑ ኪኒን ውጦ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደሙ ቢቀዳ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ቢቀዳ ወርዶ ይገኛል። መቼ እንደተዋጠ ካልታወቀ የእኛ ባለ ብዙ ሺህ ዶላር ማሽን ከጠንቋይ አይሻልም። እሳቸው ይህን ሕግ ለትዳርም ያውሉት ነበር። «ባልሽ ሲያመሽ ከማን ጋር ነበርክ አትበይው። ስንት ሰዓት ላይ ተለያያችሁ በይው። ሰው በስም ይዋሻል፣ በሰዓት ግን ይያዛል።» አንድ ቀን ሞክሬው ባሌ ተይዟል፤ ጉዳዩ ኳስ ማየት ስለነበር ግን ምሬዋለሁ።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣባቸው አንዴ ብቻ፣ ሊፍት ውስጥ፣ በሦስት ፎቅ መካከል ነገሩኝ። አገር ቤት ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ነበሩ። ተሰደው ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሳሉ ወባ ለያዘው አንድ ጎልማሳ ኪኒን ሰጡት። ከሁለት ሰዓት በፊት ሌላ ሰው ያንኑ ሰጥቶት ኖሯል። «ሰውየው ተረፈ፤ ጆሮው ግን አልተረፈም። አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ዛሬም ይሰማ ነበር» አሉ። የሊፍቱ በር ተከፈተና «ደህና ዋይ» ብለው ወጡ። ሜልበርን ከመጡም በኋላ ያንኑ ሆስፒታል ለዓመታት አጽድተዋል፤ ማታ ማታ ተምረው ነው ደም የመቅጃ ወረቀታቸውን ያገኙት።

እንግዲህ ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ። እትዬ አስካለ የቅድስት እናት ናቸው፤ ፍሌሚንግተን ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከጋሼ መኩሪያ ሦስት ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ። ሃያ ዓመት ጎረቤት ናቸው። ኩላሊታቸው ደክሞ ደማቸውን በማሽን እያሳጠቡ ሲንገላቱ ከርመው፣ ቅድስት የራሷን አንዱን ኩላሊት ሰጠቻቸው። ቅድስት ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባንክ ትሠራለች። አማርኛ ደህና ትናገራለች፤ አንቱታ ግን አልፈጠረባትም።

የተሰጠ ኩላሊት እንግዳ ነው። ሰውነት እንግዳውን እንዳያባርር ዕድሜ ልክ፣ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ካነሰ ኩላሊቱ ይባረራል፤ ከበዛ ያው መድኃኒት ራሱ ኩላሊቱን ይመርዘዋል። ስለዚህ እትዬ አስካለ በየወሩ አንድ ረቡዕ ከጋሼ መኩሪያ ጋር በትራም መጥተው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ባለ ደም ይሆናሉ። ደሙ የሚቀዳው የጠዋቱ ኪኒን ሳይዋጥ ነው፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ዝቅተኛውን ቁጥር ነውና።

ከመስከረም እስከ ፋሲካ ድረስ ቁጥራቸው ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት፣ ሰባት ነበር። ሊንዳ «እንዲህ ያለ በሽተኛ ይብዛልን» ትላለች። ቅጹ ላይም በጋሼ መኩሪያ እጅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የተጻፈው፦ «ትናንት ማታ አንድ ሰዓት።»

ከኩላሊቱ በኋላ የመጀመሪያው ፋሲካ አለፈ። በሚቀጥለው የቀጠሮ ረቡዕ የእትዬ አስካለ ቁጥር ሃያ ሁለት ሆኖ ወጣ። ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። ወደ ምድር ቤት ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የእትዬ አስካለ ቁጥር ጉድ ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ውጠው ይሆን እንዴ የመጡት?»

«ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?»

«ትናንት ማታ አንድ ሰዓት።»

«ታዲያ?»

«ጠይቀዋቸዋል አይደል?»

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እኔ ሳልጠይቅ ጽፌ አውቃለሁ?» ስልኩንም ዘጉት። አፍሬ ቁጥሩን ለቀቅኩት። ሐኪሙ መድኃኒቱ በዝቷል ብሎ በግማሽ ቀነሰላቸው። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ አሥራ አንድ ሆነ፤ ወርዷል ተብሎ ሁሉም ተደሰተ።

ጰራቅሊጦስ አልፎ የሰኔ ጾም ገባ። በዚያ ወር ረቡዕ ቁጥራቸው ሦስት ሆነ። ሦስት ማለት እንደሌለ ነው። የኩላሊታቸው ምርመራም ተበላሽቶ ስለነበር በማግሥቱ አስተኟቸው። እንግዳው ሊባረር ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ወርጄ ለጋሼ መኩሪያ ነገርኳቸው። «ምስኪን» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «መርሳት ጀምረዋል ማለት ነው። እርጅና ነዋ።» ይህን ብለው ሳይጨርሱ ቅድስት በሩን በርግዳ ገባች። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ አንተ አነጋግራት። ማሚ ሜዲኬሽኗን ስኪፕ እያደረገች ነው። ዶክተሩ ግማሽ ቢቀንስ እንኳ ከሃያ ሁለት ወደ ሦስት አይወርድም ይላል። ደግሞ ስቶሪዋን ትቀያይራለች! በአስተርጓሚ ሲጠይቋት ‹አንዳንድ ረቡዕ ውጬ ነው የምመጣው› አለች። ያንተ ፎርም ግን ሁሌ ‹ትናንት ማታ› ነው የሚለው። ዶክተሩ ሾው አደረገኝ፣ ሁሉንም። የኔ ኪድኒ እኮ ነው! ቢያንስ እውነቱን ትንገረኝ!»

ጋሼ መኩሪያ ጓንታቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ምን እንዳሰቡ እንጃ እንደገና አጠለቁት። እኔም ሰዓቴ ደርሶ ወደ ላይ ወጣሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የላቦራቶሪያችን በር ተንኳኳ። ጋሼ መኩሪያ ናቸው። በሥራ ዘመኔ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ሳያቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። እጃቸው ላይ ከሐበሻ ሱቅ በነፃ የሚሰጠውን፣ ጾምና በዓል የታተመበትን የግድግዳ ካላንደር ጠቅልለው ይዘዋል።

«ዋሽቼሻለሁ» አሉኝ። «ስትደውዪልኝ አልጠየቅኳቸውም ነበር። ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።»

አሁን እትዬ አስካለ አልጋ ድረስ ሄደው ጠይቀዋቸው ነው የመጡት። ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ አስካለ ረቡዕና ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ምንም በአፋቸው አይዞርም፤ ኪኒኑንም የሚውጡት ያኔ ነው። የነፍስ አባታቸው በሽተኛ ነዎትና አይጹሙ ብለዋቸዋል። «እሳቸው ፈቀዱልኝ እንጂ እኔ ለራሴ መች ፈቀድኩ» ይላሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሷ የደም ቀን ጠዋት ኪኒን እንዳይወስዱ በስልክ አስተርጓሚ ነግራቸው ነበር፤ ከአርባ ምክር መካከል ያቺ አንዷ ጠፍታባቸዋለች። ከመስከረም እስከ ፋሲካ ቁጥራቸው ያማረው ረቡዕ ጾም ስለሆነ ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕም አይጾምም። ቁርሳቸውን በልተው፣ ኪኒናቸውን ውጠው መጡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደማቸው ተቀዳ። እኛ ያንን ከፍተኛ ቁጥር ዝቅተኛው ነው ብለን ለሐኪሙ ሰጠነው። እሱም አምኖን መድኃኒታቸውን ቆረጠ። ጾሙ ሲመለስ ትክክለኛው ቁጥር ተገለጠ፤ ያነሰው መድኃኒቱ እንጂ የእሳቸው ታማኝነት አልነበረም።

«ምን ብዬ ልጠይቃቸው?» አሉ ጋሼ መኩሪያ ካላንደሩን ጠረጴዛዬ ላይ እየዘረጉ። «ረቡዕ ነው። ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ። ረቡዕ ውኃ እንደማይቀምሱ ሃያ ዓመት አይቻለሁ። ፈረንጁን ሁሉ ስመረምር የእሳቸውን ከራሴ አውጥቼ ጻፍኩ። የሚገርምሽ፣ ያን ቀን እኔ ራሴ እንቁላል ፍርፍር በልቼ ነው የመጣሁት። ሃምሳው መሆኑን ሆዴ ያውቅ ነበር፤ እጄ ነው ያላወቀው።»

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ያሰብኩት ስለ እንጀራቸው ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ቅጽ ሳይጠይቁ መሙላት ደግሞ በእኛ ሥራ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ መከርኳቸው። «ጋሼ፣ ስለ ቅጹ ምን አስነሳዎት? ለዶክተሩ ‹በሽተኛዋ ያን ቀን ውጠው ነበር፣ አሁን ነው የነገሩኝ› ይበሉት። መድኃኒቱን ያስተካክላል፤ አለቀ።»

ረጋ ብለው አዩኝ። «እሳቸውም እኮ ይህንኑ ነግረውታል። አላመናቸውም። ለምን? የእኔን ወረቀት ስላመነ ነዋ። እኔ ታማኝ ሆኜ እስከቀጠልኩ ድረስ እሳቸው ውሸታም ናቸው፤ ለሐኪሙም፣ ኩላሊቷን ለሰጠቻቸው ልጅም። ሁለታችንም ልክ መሆን አንችልም።»

እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር። ይህንንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ያን ጊዜ ግን ቁጥሮቹን ሁሉ አትሜ ተከተልኳቸው።

እትዬ አስካለ ከተኙበት ክፍል ሐኪሙ፣ ቅድስትና አንዲት ነርስ ነበሩ። ጋሼ መኩሪያ ካላንደሩን በአልጋው ጠርዝ ላይ ዘርግተው፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እያሳዩ፣ በዚያ ቀጥ ባለ እንግሊዝኛቸው አስረዱ። መጨረሻ ላይ «እነዚህን ሁሉ ሰዓቶች የጻፍኩት ሳልጠይቅ ነው። እሷ የነገረችህ እውነት ነው፤ የእኔ ወረቀት ነው ሐሰት» አሉት። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ካላንደሩን አየ፣ ቁጥሮቹን አየ። «ማክ፣ እኔ እኮ ያንተን ቅጽ ተጠራጥሬ አላውቅም» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ተጠራጠር» አሉት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ወደ ቀድሞው መጠን ለመመለስና ኩላሊቱን የሚያረጋጋ ሌላ መድኃኒት በደም ሥር ለማስጀመር ከነርሷ ጋር ወጣ።

ውጤቱን ላሳጥረው። እንግዳው አልተባረረም፤ ሳምንት ሳይሞላ ኩላሊቱ ሥራውን ቀጠለ፣ እስከ ዛሬም እየሠራ ነው። ጋሼ መኩሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ሦስት ወርም ቅጻቸው ላይ ራሳቸው ያሠለጠኗት ባልደረባቸው በድጋሚ እንድትፈርም ተደረገ። «አለቃዬ» እያሉ ይጠሯት ጀመር፤ እሷም በሳቅ ትሞታለች። ማስጠንቀቂያውን ደግሞ በሰዎች ፊት እየመዘዙ «የቀኑ ሰዓት አልተጻፈበትም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ይታመናል?» ይሉ ነበር።

ጋሼ መኩሪያን ሳስብ ግን የሚመጣብኝ ሐኪሙ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ክፍሉ ውስጥ አራታችን ብቻ ቀረን። ቅድስት የእናቷን እጅ ይዛ በእንግሊዝኛ ይቅርታ፣ ይቅርታ ትላለች። ጋሼ መኩሪያ ቆባቸውን አውልቀው ወደ አልጋው ጎንበስ አሉ።

«እትዬ አስካለ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳልጠይቅዎ ጻፍኩ። ይባስ ብዬ ዛሬ ቁጥሩን ስሰማ፣ ረስተው ነው ብዬ ተጠራጠርኩዎ።»

«እኔስ እርስዎን አልጠረጠርኩም» አሉ እትዬ አስካለ። ድምፃቸው ደክሟል፣ ግን ፈገግ ብለዋል። «ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያሳየኝ፣ ይህን የጻፈው ማነው ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ መኩሪያ ናቸው አሉኝ። እሳቸው ከጻፉማ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ውጫለሁ የምለው ሳልውጥ ነው፣ አእምሮዬ እየሄደ ነው አልኩ። ምን ይደረግ ብዬ፣ ለዚህች ልጅ ‹አዎ፣ ዋሽቼሻለሁ› ልላት ቆርጬ ነበር። ቅድም እርስዎ ሊጠይቁኝ ሲገቡ አፌን ልከፍት ነበር።»